ጓሮ ውስጥ የተሠራ ቤት

ካምፐር የምንለውን የመኝታ ተሳቢ አሜሪካ ውስጥ መንገድ ላይ ካወጡት መካከል በጓሯቸው መጋዝና መዶሻ ይዘው የቆሙ አባወራዎች አሉበት፤ አንዳንዱም ፋብሪካ ከእነሱ ጓሮ ወጥቷል። እኔ በያጅ ነኝ። ሙያውን አዲስ አበባ ተምሬ ኮሎራዶ እንጀራዬን እበላበታለሁ፤ የራሴንም ተሳቢ ከሻንሲው ጀምሬ ሠርቼ ታርጋ አውጥቼለታለሁ። ስለዚህ ስለነዚህ ሰዎች ሳወራ ስለ ሙያ አባቶቼ ነው የማወራው።

ሞዴል ቲ ፎርድ መኪናን ለተራው ሰው ካዳረሰ በኋላ ቤተሰብ ከከተማ ወጥቶ ሜዳ ላይ ማደር ለመደ። እ.ኤ.አ. በ1919 ታምፓ፣ ፍሎሪዳ ላይ እንዲህ ያሉ መንገደኞች ተሰባስበው «ቲን ካን ቱሪስትስ» የሚል ማኅበር መሠረቱ። ማደሪያቸው በአብዛኛው ድንኳን ነበር።

የድንኳንን ነገር ዝናብ ይፈርደዋል። ዲትሮይት ይኖር የነበረው የባክቴሪያ ተመራማሪ አርተር ሼርማን በ1929 በደቂቃዎች ይዘረጋል፣ ውኃም አያስገባም የተባለ ባለ ድንኳን ተሳቢ ገዝቶ ቤተሰቡን ይዞ ወጣ። ዝናቡ መጣ፤ ድንኳኑን ለመዘርጋት ሲታገሉ ሁሉም በሰበሱ። ሼርማን የድንኳኑን ነገር ተወና 6 ጫማ ስፋት፣ 9 ጫማ ርዝመት ያለው፣ ግድግዳው ከሜሶናይት ሰሌዳ የሆነ ሣጥን መሰል ተሳቢ አዘጋጀ። ልጆቹ «ከቨርድ ዋገን» አሉት። በ1930 ዲትሮይት የመኪና ትርዒት ላይ አቀረበው፤ በ1936 የአገሩ ትልቁ ተሳቢ አምራች ሆኖ ነበር።

እኔ ግን ይበልጥ የምወደው ዋሊ ባያምን ነው። ሎስ አንጀለስ የሚሠራ አሳታሚ ነበር። ሚስቱ ማሪዮን ያለ ማዕድ ቤት አልጓዝም ስላለች በሞዴል ቲ ሻንሲ ላይ ምድጃና የበረዶ ሣጥን ያለው መጠለያ ሠራላት። ወለሉን በጎማዎቹ መካከል ዝቅ፣ ጣሪያውን ከፍ አደረገው፤ ሰው ቆሞ እንዲያበስል። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ሻንሲ ቆርጦ ወለል ዝቅ ያደረገ ሰው ግን ክብደቱን ያውቀዋል። ከዚያ አሠራሩን ጻፈ፣ ንድፉን በፖስታ ሸጠ፤ ጎረቤቶቹም ሥራልን አሉት። በ1936 «ክሊፐር» የተባለውን ባለ አሉሚኒየም ተሳቢ በኩባንያው በኤርስትሪም ስም ያወጣው ሰው ዕውቀቱን አስቀድሞ ለሌላው ጓሮ አካፍሎ ነበር። ከ1959 እስከ 1960 ደግሞ 40 ያህል ኤርስትሪሞች አስከትሎ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ሲጓዝ በኢትዮጵያ አለፈ፤ አዲስ አበባ ላይም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀብለዋቸዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጓሮው ሥራ እንደገና ደራ። «ሜካኒክስ ኢለስትሬትድ» መጽሔት በ1947 የእንባ ጠብታ ቅርጽ ላላት ትንሽ ተሳቢ ንድፍ አወጣ። ሁለት ሰው ውስጥ ይተኛል፤ ማዕድ ቤቱ ከኋላ በኩል ክዳኑ ሲነሣ ይገኛል። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ነፋስ አይይዛትም፣ ትንሽ መኪናም ይጎትታታል። ከዚህ የተሻለ የጀማሪ ንድፍ እስካሁን አላየሁም።

የባለቤትነት ወረቀቱስ? ከ1981 ሞዴል ጀምሮ የፋብሪካ ተሽከርካሪ ሁሉ የፊደልና የአኃዝ ድምሩ 17 የሆነ መለያ ቁጥር አለው። ጓሮ ውስጥ የተበየደ ተሳቢ ይህ ስለሌለው ቁጥሩን የሚሰጠው ስቴቱ ነው። አሠራሩ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ በብዙዎቹ ግን የዕቃ ደረሰኝ፣ የሚዛን ወረቀትና ምርመራ ይጠየቃል። አንዳንዱ ሰው በዚህ ይማረራል። እኔ አልማረርም። ደረሰኙ አክሱሉና ጎማው የተሰረቀ አለመሆኑን ያሳያል። ሚዛኑም ሕይወት ያድናል፤ ብዙ ስቴቶች ከ3,000 ፓውንድ በላይ ለሆነ ተሳቢ ፍሬን ያስገድዳሉ። ጭነቱም ወደ ኋላ ካደላ ተሳቢው ፍጥነት ሲጨምር ይወዛወዛል፤ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት።

ይህን ሁሉ አልፎ የሚወጣው ወረቀት የአምራች ስም የሚጻፍበት ቦታ አለው። ኤርስትሪም ስሙን በሚያስጽፍበት በዚያው ቦታ የእኔ ላይ «በቤት የተሠራ» ይላል። ሕጉ ይህን በር ክፍት ማቆየቱን አከብራለሁ። መንገዱን ያሳዩን ደግሞ በጓሯቸው ቀድመው የሠሩት ናቸው። ንድፌን የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ እሰጠዋለሁ፤ ደረሰኙን ከመጀመሪያው ብሎን ጀምሮ እንዲያስቀምጥም እነግረዋለሁ።