የጥቀርሻው ጉዞ፦ የጃፓን አሮጌ የናፍጣ መኪኖችና የተቀባይ አገሮች ሕግ

ሺንታሮ ኢሺሃራ እ.ኤ.አ. በ1999 የቶኪዮ ገዥ ሆነው ከተመረጡ በኋላ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው በጋዜጠኞች ፊት ቀረቡ። በጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ከናፍጣ መኪኖች ጭስ የተሰበሰበ ጥቁር ጥቀርሻ ነው። የከተማይቱ ነዋሪ በየዕለቱ የሚተነፍሰውን በዓይኑ እንዲያይ ፈልገው ነበር። ኦክቶበር 1 ቀን 2003 ቶኪዮና አጎራባቾቿ ሳይታማ፣ ቺባና ካናጋዋ የተወሰነውን የብናኝ ልክ የማያሟሉ የናፍጣ የጭነት መኪኖችና አውቶቡሶች በግዛታቸው እንዳይንቀሳቀሱ ከለከሉ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ከተባሉት በቀር፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) እገዳው ለቶኪዮ ሳንባ የሚበጅ ነበር። መኪኖቹ ወዴት ሄዱ የሚለው ጥያቄ ግን በዚያ አላበቃም። አንዳንዶቹ ማጣሪያ ተገጠመላቸው፤ አንዳንዶቹ ተፈጩ፤ ሌሎቹ በመርከብ ተጭነው ባሕር ተሻገሩ።

መሪያቸው በቀኝ የሆነ፣ በናፍጣ የሚሠሩና በአራቱም ጎማ የሚጎትቱ የጃፓን መኪኖች ታሪክ ዘወትር የሚነገረው የጥንካሬያቸው ታሪክ ሆኖ ነው። ጥንካሬያቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ከዮኮሃማ ተነሥተው ሞምባሳ፣ ቭላዲቮስቶክ ወይም ሐርጌሳ የደረሱበትን ምክንያት ብቻውን አያስረዳም። የመኪናን ዕድሜ ከዝገት ይልቅ የሚወስነው ሕግ ነው። በአንድ አገር ሕግ በቃህ የተባለ መኪና፣ የሌላው አገር ወደብ እስከተቀበለው ድረስ አዲስ ዕድሜ ይጀምራል። የራሱን ልክ በደጁ ያላቆመ አገር ሻጩ ለራሱ ዜጎች ባወጣው ሕግ ፍርፋሪ ሲተዳደር ይኖራል።

ለአቀበት የተሠራ፣ በአስፋልት ያረጀ

በኋላ ላንድክሩዘር የተባለው መኪና ሥራውን የጀመረው በ1951 «ቶዮታ ቢጄ» በሚል ስም ነው። በዚያው ዓመት የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጥቶ የጃፓንን ፖሊስ ቀልብ ሳበ። ላንድክሩዘር የሚለውን ስም ያገኘው በ1954 ነበር። ሃይሉክስ በ1968፣ የሚትሱቢሺው ፓጄሮ በ1982 ተከተሉ። የቆዩት የናፍጣ ሞተሮች ነዳጅ የሚረጩት በኮምፒዩተር ሳይሆን በሜካኒካል ፓምፕ በመሆኑ፣ ከከተማ ርቆ የሚሠራ መካኒክ በጥቂት መፍቻ ሊጠግናቸው ይችላል። ጭቃና ኮረት ለበዛበት አገር የተስማሙትም ለዚህ ነው።

በጃፓን ግን ብዙዎቹ የሚያረጁት በለሰለሰ አስፋልት ላይ ነው። «ሻከን» የሚባለው የግዴታ ምርመራ አዲስ የግል መኪናን በሦስት ዓመቱ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ይጠራዋል። በኢትዮጵያ ቦሎ ለመለጠፍ ከሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ጋር በዓላማ ይመሳሰላል፤ ወጪው ግን ከባድ ነው። በ1992 የወጣውና በ2001 የተሻሻለው የናይትሮጅን ኦክሳይድና የብናኝ ሕግ ሌላ ቀንበር ጨመረ፤ በቶኪዮ፣ በኦሳካና በናጎያ ዙሪያ በተከለሉት አካባቢዎች ልኩን የማያሟላ የናፍጣ መኪና ምርመራውን አልፎ በዚያ ተመዝግቦ መቀጠል አይችልም። ሕጉ ይፈጭ አላለም። ከዚህ አካባቢ ይውጣ ነው ያለው። ስለዚህ ሞተሩ ገና ብርቱ የሆነ መኪና ለባለቤቱ ዕዳ፣ ለውጭ ነጋዴ ግን ርካሽ ዕቃ ሆነ።

ሦስት ወደቦች፣ ሦስት ሕጎች

ከሶቪየት ኅብረት መፍረስ በኋላ ለጃፓን ቅርብ የሆነችው የሩሲያዋ ቭላዲቮስቶክ የዚህ ንግድ ከተማ ሆነች። ሩሲያ በቀኝ መስመር የምትነዳ አገር ብትሆንም የሩቅ ምሥራቅ ጎዳናዎቿ መሪያቸው በቀኝ በሆነ መኪኖች ተሞሉ። ከመርከበኛው እስከ መለዋወጫ ሻጩ እንጀራው ከዚህ ተያያዘ። በ2008 መጨረሻ በጠቅላይ ሚኒስትር ቭላዲሚር ፑቲን የሚመራው መንግሥት የአገር ውስጥ አምራቾችን ለመደገፍ በውጭ መኪኖች ላይ ቀረጥ ሲጨምር፣ የቭላዲቮስቶክ ሰዎች በዲሴምበር አደባባይ ወጡ። ሰልፉን ለመበተን ልዩ ፖሊስ ከሞስኮ በአውሮፕላን መጣ። ቀረጡ የኢንዱስትሪ ፖሊሲ ተብሎ ቢወጣም፣ በዚያ ዳርቻ የተነበበው መሐል አገር በዳር አገር ኑሮ ላይ የወሰደው እርምጃ ሆኖ ነው።

ኬንያ በግራ መስመር የምትነዳ በመሆኗ የጃፓን መኪና ያለ ምንም ለውጥ ይስማማታል። ይሁንና በሯን ወለል አድርጋ አልከፈተችም። መጀመሪያ ከተመዘገበ ስምንት ዓመት ያለፈው መኪና አይገባም፤ ወደ አገሪቱ የሚላከውም ከመጫኑ በፊት እዚያው በተነሣበት አገር ይመረመራል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች ደግሞ ከ2015 ጀምሮ በናፍጣ ውስጥ ያለው ድኝ ከአንድ ሚሊዮን 50 እጅ እንዳይበልጥ ወሰኑ። የዕድሜ ገደቡና የነዳጁ ልክ መደጋገፋቸው በአጋጣሚ ሊታለፍ አይገባም። አዳዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው፤ ድኝ የበዛበት ናፍጣ ደግሞ ያን የጽዳት ሥርዓት ያውከዋል። ነዳጁን ሳያጸዳ አዲስ መኪና ብቻ አስገቡ የሚል መንግሥት፣ ባለቤቱን ማጣሪያውን ነቅሎ እንዲጥል ይገፋፋዋል።

ሦስተኛው ወደብ የሕግ ክፍተት ምን እንደሚመስል ያሳያል። ሶማሌላንድ በቀኝ መስመር ትነዳለች፤ በሐርጌሳ የሚታዩት መኪኖች ግን አብዛኞቹ መሪያቸው በቀኝ ነው። ከጃፓን በቀጥታ ወይም በዱባይ በኩል አልፈው የመጡ ናቸው። በዱባይ ራስ አል ኾር ያገለገሉ መኪኖች መልሰው ወደ ሌላ አገር የሚሸጡበት ነጻ ቀጣና አለ። በቀኝ መስመር እየነዳ በቀኝ ወንበር የተቀመጠ ሾፌር ፊት ለፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም ሲፈልግ፣ የሚመጣበትን ለማየት መኪናውን አስቀድሞ ወደ መሐል መንገድ ማውጣት ግድ ይሆንበታል። በግራ መስመር ለሚነዳ አገር የተሠራው የፊት መብራትም ብርሃኑን ወደ ግራ ከፍ ስለሚያደርግ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያጥበረብራል። የመኪናው ርካሽነት በገዢው ኪስ ሲቆጠር፣ አደጋው በመንገዱ ተጠቃሚ ሁሉ ላይ ይከፋፈላል።

ዕድሜ ክብር የሚሆንበት አገር

ይኸው መኪና ወደ አሜሪካ ሲሻገር ሕጉ ይገለበጣል። በ1980ዎቹ ከይፋዊ ወኪሎች ውጭ የአውሮፓ መኪኖችን የማስገባት ንግድ ሲስፋፋ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1988 በወጣ ሕግ በሩን አጠበበ። በአሜሪካ የደኅንነት ልክ ያልተሠራ መኪና እንደ ልብ የሚገባው 25 ዓመት ሲሞላው ሆነ፤ ለጭስ ልኩ ደግሞ ነጻነቱ የሚጀምረው ሞተሩ ካልተለወጠ 21 ዓመት ሲሞላው ነው። በዚያ ላይ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በዲሴምበር 1963 የፈረሙት 25 በመቶ ቀረጥ በቀላል የጭነት መኪኖች ላይ ተጥሏል። የቀረጡ መነሻ መኪና አልነበረም፤ አውሮፓውያን በአሜሪካ ዶሮ ሥጋ ላይ ለጣሉት ቀረጥ የተሰጠ አጸፋ ነበር። የዶሮው ጠብ ከተረሳ በኋላም ቀረጡ ኖረ፤ የአሜሪካ አምራቾችንም የጭነት መኪና ገበያ አጥሮ ጠበቀ።

እንግዲህ የ1990ዎቹ የናፍጣ ላንድክሩዘር በሞምባሳ አርጅተሃል ተብሎ ሲመለስ፣ በባልቲሞር ወደብ ዕድሜህ ሞልቷል ተብሎ ይገባል። በአንዱ ዘንድ የሥራ መሣሪያ፣ በሌላው ዘንድ የባለ ትርፍ ገንዘብ መዝናኛ ነው። ብረቱ ያው ነው፤ ጭሱም ያው ነው። የተለያየው እያንዳንዱ አገር ሊጠብቀው የመረጠው ጥቅም ነው።

የኢትዮጵያ ጥያቄ

ኢትዮጵያ በቀኝ መስመር ስለምትነዳ የጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ መኪና እንዳለ አይስማማትም፤ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ግን መሪያቸው በግራ ሆኖ የገጠሩ አስተዳደር፣ የእርዳታ ሥራና የንግድ ጀርባ አጥንት ከሆኑ ቆይተዋል። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ መኪኖች ላይ እጅግ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የነዳጅ ግዢ የሚበላው የውጭ ምንዛሪና ከውሃ የሚመነጨው ኃይል ለዚህ ውሳኔ የቀረቡ ምክንያቶች ናቸው፤ ሁለቱም ተራ ምክንያቶች አይደሉም።

ከላይ የታዩት ወደቦች ታሪክ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በመግቢያው በር ላይ የሚቆም ሕግ ቀድሞ የገባውን አይነካም። እንዲያውም ምትኩ ሲወደድ ነባሩ የናፍጣ መኪና ዋጋው ይጨምራል፤ ይጠገናል፤ ይታደሳል፤ ዕድሜው ይረዝማል። ቻርጅ ማድረጊያ ባልደረሰበት ወረዳ ነፍሰ ጡር ሴትን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ይኸው ያረጀ መኪና ሆኖ ይቀጥላል። ስለዚህ እገዳው ውጤት የሚኖረው ዓመታዊው ምርመራ ጭስን በመሣሪያ የሚለካ ሲሆን፣ የናፍጣው ድኝ ሲቀንስና ለገጠሩ የሚበቃ ምትክ ከነመለዋወጫው ሲቀርብ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2020 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ2015 እስከ 2018 ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች ወደ ሌሎች አገሮች ተልከዋል፤ 40 በመቶ ያህሉ የሄዱት ወደ አፍሪካ ነው። ከተጠኑት 146 አገሮች ሁለት ሦስተኛው ያገለገለ መኪናን የሚቆጣጠሩበት ፖሊሲ ደካማ ወይም በጣም ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። ላኪው አገር የማያስነዳውን መኪና ለሌላው አለመሸጥ ይገባዋል የሚለው ክርክር ፍትሐዊ ነው፤ ነገር ግን እስኪሰማ ድረስ የሚጠብቅ ሳንባ የለም። ቶኪዮ የራሷን ጠርሙስ አንሥታ ለሕዝቧ አሳየች። የአዲስ አበባ፣ የናይሮቢና የሐርጌሳ አስተዳደሮችም በየጎዳናቸው ያለውን ጥቀርሻ ለክተው፣ የራሳቸውን ቁጥር ይዘው መቅረብ ይጠበቅባቸዋል።