ከሃያ አራቱ ዐሥራ ሁለት
በጎጃም መንገድ የተሽከርካሪ ድምፅ ማጫወቻ የኃይል አቅርቦት ታሪክ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ደጋ ዳሞት ዋና ከተማ ወደ ፈረስ ቤት የወጣ የጭነት መኪና በደጋው ብርድ አድሮ ጧት ሞተሩ አልነሣ ያለ እንደ ሆነ፣ ሹፌሩና ረዳቱ አስቀድመው የሚጠረጥሩት ቴፑን ነው። ማታ ጋቢና ውስጥ ሲዘፍን ያመሸው ቴፕ ባትሪውን ጨረሰው ይባላል። ጥርጣሬው ብዙ ጊዜ እውነትነት አለው፤ ይሁን እንጂ ጥፋቱ የአንዲት ሌሊት ጥፋት አይደለም። የተሽከርካሪው ኤሌክትሪክና የማጫወቻው ኤሌክትሪክ ከመነሻው ሳይስማሙ በአንድ ጋቢና እንዲኖሩ የተደረገበት፣ ከግማሽ ምእተ ዓመት ያላነሰ ታሪክ ውጤት ነው። በዚህም ታሪክ የኢንጂነሩ ድርሻ ጥቂት፣ የጋራዡ ባለ ሙያ ድርሻ ግን እጅግ ብዙ ነው።

የመኪና ራዲዮ በተወለደበት በአሜሪካም ቢሆን ዋናው ችግር የኃይል ችግር ነበር። በቺካጎ የሚገኘው የጋልቪን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1930 ሞቶሮላ የተባለውን ራዲዮ ለገበያ ሲያቀርብ፣ የጊዜው መኪና ባትሪ 6 ቮልት ብቻ ይሰጥ ነበር፤ የራዲዮው የመስተዋት ቫልቮች ግን ከመቶ ቮልት በላይ ይጠይቁ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያ ለራዲዮው ብቻ የሚያገለግሉ ተጨማሪ ባትሪዎች ይገጠሙ ነበር። ቀጥሎ ቫይብሬተር የተባለው፣ የባትሪውን ኮረንቲ በሰከንድ መቶ ጊዜ ያህል እየቆረጠ ለትራንስፎርመር የሚያቀብለው መሣሪያ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1955 ክራይስለርና ፊልኮ በትራንዚስተር ብቻ የሚሠራ የመኪና ራዲዮ ሲያወጡ ይህ ሁሉ ጣጣ ቀረ፤ ትራንዚስተሩ በባትሪው ቮልት በቀጥታ ይሠራልና። የአሜሪካ መኪናዎችም በዚያው ዘመን ከ6 ወደ 12 ቮልት በመዛወራቸው፣ 12 ቮልት የመኪና ድምፅ መሣሪያዎች ሁሉ መለኪያ ሆኖ ቀረ።

ወደ ኢትዮጵያ የገቡት መኪናዎች ግን ለዚህ መለኪያ አንድ ወጥ ሆነው አልተገኙም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እንደ አሸን የፈላው ቮልስዋገን እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ባለ 6 ቮልት ነበር። ገጠሩን የዘለቀው ላንድሮቨር ደግሞ እስከዚያው ዐሥር ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነበር። ኋላ የተሠራ፣ የብረት ገላው ከኔጋቲቭ ጋር የተያያዘ ራዲዮ ሳይመረመር በእንዲህ ያለ መኪና ላይ ቢታሰር፣ ራዲዮው ከዳሽቦርዱ ብረት ጋር በተነካካባት ቅጽበት ሽቦው ይግላል፣ ይጨሳልም። የድሮ ባለ ሙያ ማናቸውንም ሥራ ከመጀመሩ በፊት «ሻንሲው ምንድን ነው?» ብሎ የመጠየቅ ልማዱን ያገኘው ከዚህ ዓይነቱ መኪና ሳይሆን አይቀርም።

በአባይ በረሃ ወርዶ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ወንዙን የሚሻገረው፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድ ግን የቮልስዋገን መንገድ አልነበረም። የጣሊያን የጭነት መኪና መንገድ ነበር። ሞተሪኖ፣ ጋቢና፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ከነዚሁ መኪናዎች ጋር ገብተው ዐማርኛ ሆነው ቀርተዋል። ከሁሉም ስሙ የገነነው ፊያት 682፣ ሕዝቡ ኤንትሬ ያለው፣ ትልቁን የናፍጣ ሞተር ለማስነሣት ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተቀጣጥለው የሚሰጡትን 24 ቮልት ይጠቀም ነበር። ነገሩ ትክክል ነው፤ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ለአንድ ዓይነት ሥራ የሚያስፈልገው ኮረንቲ በግማሽ ይቀንሳል፣ ሽቦውም ይቀጥናል። ኤንትሬን የሠሩት ሰዎች ያሰቡት ግን ሞተር ማስነሣትንና መብራትን እንጂ ዘፈንን አልነበረም።

ዘፈኑ የመጣው በካሴት ነው። ፊሊፕስ ካሴትን በበርሊን ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የሸክላውን ቦታ አጠቃሎ የያዘው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ውስጥ ነው። ሸክላ በጠጠር መንገድ ላይ እየዘለለ አያጫውትም፤ ካሴት ግን ለመኪና የተፈጠረ ያህል ነበር። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የከተማውን የሌሊት ጭፈራ ሲያዳክም፣ ሙዚቃው በካሴት ተጠቅልሎ ወደ ገጠር ወጣ፤ ካጓጓዡት መካከልም የረጅም መንገድ ሹፌሮች ነበሩ። መብራት ባልደረሰበት የገጠር ገበያ ቆሞ የሚዘፍን መኪና የመጓጓዣ ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ጣቢያም ነበር። በገበያ የሚገኘው የመኪና ቴፕ ግን ባለ 12 ቮልት ነበር።

ከሃያ አራቱ ዐሥራ ሁለቱን ማግኘት የጋራዡ ባለ ሙያ ጥያቄ ሆነ። ቀላሉ መልስ በዓይን የሚታይ ነበር፤ ሁለቱ ባትሪዎች ከሚገናኙበት መካከል አንድ ሽቦ መቀጠል፣ ሌላውን ጫፍ ከሻንሲ ማሰር። ምንም አይገዛም፣ ቴፑም ወዲያው ይዘፍናል። ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ሁለቱን ባትሪዎች በአንድነት የሚሞላው በ28 ቮልት ገደማ ነው፤ የቮልት ተቆጣጣሪው ድምሩን እንጂ ድርሻውን አያይም። ከሻንሲ ጋር የተያያዘው ባትሪ ቴፑ ስለሚስበው ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው፤ ለምሳሌ 13 ቮልት ላይ ሲቀር፣ ላይኛው ባትሪ የቀረውን 15 ይሸከማል። አንደኛው ሳይሞላ እየኖረ ሳህኖቹ በሰልፌት ይደርቃሉ፤ ሁለተኛው ከመጠን በላይ እየተሞላ ይፈላል፣ ውኃውንም ይጨርሳል። ሁለቱም ይሞታሉ፤ አንደኛው በረኃብ፣ ሁለተኛው በጥጋብ። በደጋ ብርድ ደግሞ የባትሪ ኃይል ይቀንሳል፣ የሞተር ዘይትም ይወፍራል፤ ቆላ ላይ እንደ ምንም ሲያስነሣ የሰነበተ ባትሪ ፈረስ ቤት ላይ እምቢ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። የዚህ ዕዳ ከፋይ ባለ መኪናው ብቻ አይደለም፤ በዚያች መኪና ሕመምተኛ ወይም እህል ጭኖ ጧት ሊወርድ ያሰበው ገበሬም ነው።

ሹፌሩን አላዋቂ ብሎ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። ሌላው የጊዜው መፍትሔ ሬዚስተር መግጠም ነበር፤ ይኸውም የተሳበውን ኃይል ግማሽ በሙቀት መልክ ያባክናል፣ ድምፁ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥርም ቮልቱ ይዋዥቃል። ትክክለኛው መሣሪያ፣ 24ቱን ከሁለቱም ባትሪዎች እኩል ስቦ 12 የሚያደርገው የኤሌክትሮኒክስ ቮልት መቀነሻ፣ በርካሽ ዋጋ የተገኘው ዘግይቶ ነው። አስተዋይ ባለ ሙያዎች ግን ቀድሞም ቢሆን ሁለቱን ባትሪዎች በየጊዜው ቦታ ማለዋወጥ ድካሙን እንደሚያካፍል ያውቁ ነበር። በመጽሐፍ ያልተጻፈ፣ ከጌታ ወደ ተለማማጅ የተላለፈ ዕውቀት ነው።

ማጉያ ሲጨመር የሽቦው ነገር ይከተላል። 100 ዋት ድምፅ የሚያወጣ ማጉያ ከሚወስደው ኃይል 60 በመቶውን ብቻ ወደ ድምፅ ይለውጣል ቢባል፣ በ12 ቮልት 14 አምፔር ያህል ይስባል። ከባትሪው በ6 ሜትር ርቀት በ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ቢገናኝ፣ በመሄጃው ሽቦ ብቻ አንድ ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሽቦው 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢሆን የሚጠፋው የዚያ ሩብ ነው። ድምፁ ሲጎረብጥ ስፒከሩን የሚለውጥ ሰው ብዙ ነው፤ ሽቦውን የሚለካ ግን ጥቂት ነው። ፊውዙም ማጉያው አጠገብ ሳይሆን ባትሪው አጠገብ መሆን አለበት፤ በመካከል የተላጠ ሽቦ ሻንሲውን ሲነካ የሚቃጠለው መኪናው ነውና።

ሞንታርቦ (የጣሊያን ፋብሪካ ስም ሆኖ ሳለ በኢትዮጵያ የትልቅ ድምፅ ማጉያ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል) በመኪና ጣሪያ ላይ ታስሮ ስብሰባና ክትባት ሲያስታውቅ፣ ሠርግም ሲያጅብ ኖሯል። ኤንትሬን የተካው አይሱዙም ባለ 24 ቮልት ስለሆነ የድሮው ጥያቄ ከነሕይወቱ ወደ እርሱ ተላልፏል፤ ባለ 12 ቮልቱ ባጃጅ ከዚህ ጣጣ ነፃ ወጥቷል፤ ባትሪው ግን ትንሽ ናት። ካሴቱ በፍላሽና በስልክ ተተክቷል። ነባሩ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ግን አልነሣ ያለ መኪና ሲቀርብለት ዛሬም መለኪያውን በ24ቱ ላይ አያሳርፍም፤ ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ይለካና፣ ከመካከላቸው የወጣ ቀጭን ሽቦ እንዳለ በጣቱ እየዳሰሰ ይፈልጋል።