ወጌሻና የዐጥንት ሐኪም



የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት የጐጃም ሠራዊት በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መሪነት ተሰልፎ እንደ ነበረ የማያውቅ የለም። ስለ ቍስለኞቹ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ሮንትገን የተባለው የጀርመን ሊቅ ሥጋን አልፎ ዐጥንትን የሚያሳይ ጨረር አግኝቶ ነበር። በግንቦት ወር በናፖሊ ከተማ አልቫሮ የተባለ የኢጣልያ ጦር ሐኪም፥ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቈስለው የተመለሱትን የ2 ወታደሮች ክንድ በዚህ ጨረር አንሥቶ ጥይቱ ያለበትን ስፍራ መረመረ። ለጦር ቍስለኛ ራጅ ሲነሣ ይህ በዓለም የመጀመሪያው መሆኑ ይነገራል፤ «ራጅ» የምንለውም ቃል ራሱ ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው።

ወደ ደብረ ማርቆስ የተመለሰው የጐጃም ቍስለኛስ? የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ የደረሱት በክረምት ነው፤ አዲስ አበባም ለእርሱ ሩቅ ነበረች። ያለው ተስፋ ወጌሻ ነበር። ወጌሻው ስብራቱን በጣቱ ዳስሶ፥ ስቦ ያጋጥመዋል፤ በቅቤ አሽቶም በቀርከሃ ስንጥቅ ያስረዋል።

ዘመናዊ ትምህርት የቀሰመ ሰው ወጌሻን መናቅ ይቃጣዋል። ይህ ንቀት ታሪክን ካለማወቅ የሚመጣ ይመስለኛል። በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ኤቫን ቶማስ የሚባል ወጌሻ ነበር፤ ሞያውንም ከአባቶቹ የወረሰ ነው። ሐኪሞች በፍርድ ቤት እየከሰሱ ቢያስቸግሩት 5ቱን ወንዶች ልጆቹን ሕክምና አስተማረ። ከእነርሱ አንዱ ሂው ኦወን ቶማስ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1834 እስከ 1891 የኖረው፥ ለተሰበረ እግር የብረት ድጋፍ ሠራ፤ የተሰበረ ዐጥንት ሳይነቃነቅ ረዥም ዕረፍት ማግኘት አለበት እያለም ይከራከር ነበር። በሕይወቱ ሳለ የሰማው ጥቂት ነው። ከቤቱ ተቀምጦ የተማረው ሮበርት ጆንስ ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ድጋፉ በሠራዊቱ ዘንድ እንዲሠራበት አደረገ። በ1917 በአራስ ውጊያ ጭናቸው ከተሰበረ 1009 ቍስለኞች የሞቱት ከመቶ 16 ያህል ብቻ ሆኑ፤ ቀድሞ በዚህ ስብራት የሚሞተው ከዚህ እጅግ ይበልጥ ነበር።

የእኛ ወጌሻ ጉድለት በማሰሪያው ላይ ነው። የተሰበረ እግር ያብጣል፤ ቀርከሃው ግን አይላላም። ደም መመላለሻ ያጣል፤ ሥጋው ይሞታል። በስብራት ብቻ የመጣው ልጅ እግሩ ተቈርጦ ከሆስፒታል የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ጣቶቹ ሲበርዱ፥ ሲደነዝዙ ወይም መልካቸው ሲለወጥ ማሰሪያው እስኪነጋ ሳይቈይ በዚያው ሰዓት ይፈታ።