የሲሊንደር መቦርቦር ታሪክ

ያረጀ አውቶሞቢል ኀይሉ ደክሞ ሰማያዊ ጭስ ሲያበዛ፣ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ፒስተኑ የሚመላለስበት ጕድጓድ፣ ይኸውም ሲሊንደሩ ነው። ሲሊንደር በእኩልነት አይበላም፤ ሙቀቱና ግፊቱ በሚበረታበት፣ ዘይቱም በሚሳሳበት በላይኛው ጫፍ አብዝቶ ይበላል፤ ፒስተኑም ወደ ጎን ስለሚገፋው ክብነቱን ትቶ እንቍላል ይመስላል። መድኀኒቱ ጕድጓዱን ጥቂት አስፍቶ እንደ ገና ክብ ማድረግና ወፈር ያለ ፒስተን ማግባት ነው። ይህን ሥራ ባለ መኪናው በገዛ ቤቱ ለመሥራት የቻለው እንዴት ነው?

ነገሩ የሚጀምረው አውቶሞቢል ከመታሰቡ በፊት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጄምስ ዋት በ1769 ለእንፋሎት ሞተሩ የፈጠራ መብት ቢያገኝም፣ የተስተካከለ ሲሊንደር የሚሠራለት አጥቶ እንፋሎቱ በፒስተኑ ዳር እያመለጠ ለዓመታት ተቸገረ። የዚያን ዘመን መቦርቦሪያ ዘንግ በአንድ ወገን ብቻ የተያዘ ስለ ነበረ ጫፉ ያዘቀዝቅ ነበር፤ ስለቱም ጥመቱን በማቅናት ፈንታ ይከተለው ነበር። በ1774 መድፍ የሚቦረቦርበትን ብልኃት ያወጣው ጆን ዊልኪንሰን፣ በ1775 በዌልስ አገር በበርሻም ዘንጉን በሲሊንደሩ ውስጥ አሳልፎ በሁለቱም ጫፍ ደገፈው። ለብሉምፊልድ የከሰል ማዕድን የተሠራውና በ1776 ሥራ የጀመረው የዋት ሞተር ባለ 50 ኢንች ሲሊንደሩን ያገኘው ከዚሁ ሰው ነው። የዋት ስም በየትምህርት ቤቱ ሲነሣ የዊልኪንሰን መረሳቱ፣ በእኔ አስተያየት፣ ፍርድ የጐደለው ነገር ነው።

ከቀድሞዎቹ አውቶሞቢሎች የብዙዎቹ ሲሊንደር ከነክዳኑ አንድ ሆኖ በቅርጽ የፈሰሰ ስለ ነበረ፣ ዘንግ አሳልፎ መደገፍ አይቻልም ነበር። ፎርድ በ1908 ያወጣው ሞዴል ቲ ግን አራቱን ሲሊንደሮች በአንድ ብሎክ አድርጎ ክዳኑን በብሎን የሚፈታ አደረገው። ክዳኑ ሲነሣ ደልዳላ ፊት ተገኘ፤ በእርሱም ላይ በእጅ የሚዞር መቦርቦሪያ ማሰር ተቻለ። እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሞዴል ቲ ስለ ተሠራ፣ ስፋቱ 3¾ ኢንች ለሆነው ጕድጓድ መሣሪያና ወፍራም ፒስተን ማዘጋጀት ለነጋዴ የሚያዋጣ ሆነ። ዊልኪንሰን በውሃ ኀይል ያዞረውን ሥራ የአሜሪካ ገበሬ በጎተራው ውስጥ በክንዱ ያዞረው ጀመር።

ሆኖም የተፋቀ ብረት አይመለስም፤ ከግድግዳው በስተጀርባም የማቀዝቀዣው ውሃ አለ። ስለዚህ አሮጌ መኪና በቤቱ የሚያድስ ሰው አስቀድሞ ጕድጓዱን ከላይ፣ ከመካከልና ከታች በሁለት አቅጣጫ ይለካል፤ ፒስተኑን ገዝቶ በእጁ ሳይዝና ሳይለካ ስለቱን አያስነካም። የመጨረሻዋንም ስስ ንጣፍ ለመሞረጃው ድንጋይ ይተዋል፤ ድንጋዩ የሚተዋቸው የተሻገሩ ጭረቶች ዘይት ይይዛሉና።