ሳፋ፣ ሳሙናና ጫማ

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን የቆየ በሽታን በስልክ መተግበሪያ ስለመከታተል ብዙ ይወራል። ጥሩ ነው። እኛ ወላይታ ግን በሽታን ራስ መንከባከብን ከስልክ በፊት በዝሆኔ ተምረነዋል።

የደጋው ዝሆኔ ከትንኝ ሳይሆን ቀዩን አፈር በባዶ እግር ከመርገጥ መሆኑን ያስረዱት ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ናቸው፤ "ፖዶኮኒዮሲስ" ያሉትም እሳቸው። ሶዶ ላይ ዶክተር ናታን ባርሎው የጀመሩት ሥራ ደግሞ እንክብካቤውን ገጠር አወረደው፦ በየቀኑ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ጥቂት በረኪና ባለው ውሃ መዘፍዘፍ፣ ቫዝሊን፣ ካልሲ፣ ጫማ። ከአስተማሪዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ታማሚዎች ነበሩ! ክኒን የለውም፤ ካቆሙት እብጠቱ ይመለሳል።

"በዘር ነው" ተብሎ ስንት ጋብቻ ቀረ። በ2012 እ.ኤ.አ. ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ተጋላጭነቱ እውነትም በዘር እንደሚተላለፍ አሳዩ። ግን ጫማ ያደረገ ልጅ አይታመምም። ቦዲቲ ገበያ ዛሬም ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ ሳይ ይህ ትዝ ይለኛል።