ኩፍኝ የሚያስከትለው የአንጎል ብግነት

ኩፍኝ በትንፋሽ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ሲሆን፣ የሽፍታው መጥፋት ብቻውን የበሽታው ማብቂያ ተደርጎ አይወሰድም። በሽታው ከያዛቸው አንድ ሺህ ሰዎች መካከል በአማካይ አንዱ በአንጎል ብግነት ይጠቃል።

ጉዳቱ በሦስት መልክ ይከሰታል። የመጀመሪያው ሽፍታው በወጣ በሁለት ሳምንታት ውስጥ የሚታይ ነው። በርዶ የነበረው ትኩሳት ያገረሻል፤ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መንዘፍዘፍና ራስን መሳት ይከተላሉ። ከሚጠቁት ውስጥ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ይሞታሉ፤ ከሚተርፉትም ብዙዎቹ ለመስማት ችግርና ለአእምሮ ጉዳት ይዳረጋሉ።

ሁለተኛው የበሽታ መከላከል አቅማቸው በተዳከመ ሰዎች ላይ ከወራት በኋላ የሚደርስ ሲሆን፣ መንስኤውም ቫይረሱ በአንጎል ሴሎች ውስጥ መራባቱ ነው።

ሦስተኛው ቫይረሱ በአንጎል ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመታት በኋላ የሚያስነሳው ሕመም ነው። ደህና የነበረ ተማሪ በትምህርቱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ጠባዩ ይለወጣል፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። ፈዋሽ መድኃኒት ያልተገኘለት ይህ ሕመም መጨረሻው ሞት ነው ለማለት ይቻላል። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ኩፍኝ የያዛቸው ሕፃናት ይበልጥ ለዚህ ይጋለጣሉ።

በአንዳንድ አካባቢዎች ኩፍኝ የያዘውን ሕፃን ከቤት አለማውጣት የቆየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ሕፃኑ በጤና ተቋም በተከታታይ ሁለት ቀናት ቫይታሚን ኤ እንዲወስድ መደረጉ የከፋ ጉዳትንና ሞትን ይቀንሳል።

ሕመምተኛው ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀናት አስቀድሞ በሽታውን ማስተላለፍ ይጀምራል። ቫይረሱም በተዘጋ ክፍል አየር ውስጥ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። በመሆኑም እንደ ሀዋሳው ባህል አዳራሽ ባለ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ አንድ ሕመምተኛ ቢገኝ፣ እርሱ ከወጣ በኋላ የሚገባ ያልተከተበ ሰው እንኳ ሊያዝ ይችላል።

አስተማማኙ መከላከያ ክትባት ነው። ኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት ፕሮግራም የጀመረችው በ1972 ዓ.ም ሲሆን፣ በ2011 ዓ.ም ደግሞ በ15 ወር ዕድሜ የሚሰጠውን ሁለተኛ ዙር የኩፍኝ ክትባት አክላለች። በ9 ወር የሚሰጠው የመጀመሪያው ክትባት ከመቶ ሕፃናት 85 ያህሉን ብቻ ስለሚከላከል፣ ሁለተኛው ዙር ክፍተቱን ለመሙላት ያስፈልጋል። ወረርሽኝን ለመግታት ቢያንስ 95 በመቶ የሚሆኑት ሕፃናት ሁለቱንም ዙር መውሰድ አለባቸው። በየደረጃው ያሉ ኃላፊዎች የአንደኛውን ዙር አፈጻጸም ብቻ ሳይሆን ሁለተኛውን ያልወሰዱ ሕፃናትንም በየቀበሌው ለይተው መከታተል ይጠበቅባቸዋል።