ከወተት ዕቃ እስከ ደብተር
በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች የሴቶች የኑሮ መለኪያ እንዴት እንደ ተለወጠ

የሰው ኑሮ ተቃንቷል ወይም አልተቃናም የሚባለው በምን መለኪያ ነው? ጥያቄው ስለ ወንድ ሲሆን የቦረና ሽማግሌ ፈጥኖ ይመልሳል፤ ከብት፥ ልጆች፥ በገዳ ሥርዓት ውስጥ የተከበረ ስፍራ። ስለ ሴት የተጠየቀ እንደ ሆነ ግን መልሱ ሁልጊዜ ከሌላ ሰው ጋራ የተያያዘ ነው፤ የእገሌ ልጅ፥ የእገሌ ሚስት፥ የእገሌ እናት። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው በነገሌ ቦረና፥ በያቤሎ፥ በሜጋና በሞያሌ ያሉ ሴቶች ይህን መለኪያ በምን መንገድ እንደ ለወጡት ነው። ለውጡ የመጣው ከትምህርት ቤትና ከሕግ ብቻ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። እኛ ግን ከሁለቱ በፊት ገበያው፥ ከገበያውም በፊት ወተቱ እንደ ነበረ ለማሳየት እንሞክራለን።

በቦረና ልማድ ከብቱ የወንድ ነው፤ ውርሱም በተለይ ወደ በኵር ወንድ ልጅ ያመዝናል። በየስምንት ዓመቱ በሚተላለፈው የገዳ ሹመትም ሴት አትሾምም። ይህም ሆኖ ሳለ ሴቲቱ ባዶ እጅዋን አልነበረችም። ጎጆውን የምትሠራው እርስዋ ናት፤ የወተቱን ዕቃ ከዕፅ ሥር ጐንጕና በጢስ የምታጥነው እርስዋ ናት፤ የታለበው ወተት ለልጅ፥ ለእንግዳና ለቅቤ እንዴት እንደሚከፈል የምትወስነውም እርስዋው ናት። ጉድሩን ዳል የተባሉት ስዊድናዊት ተመራማሪ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ስለ ቦረና ሴቶች ባሳተሙት ጥናት የሴቶቹን ግዛት በምንጣፍና በወተት ዕቃ የሰየሙት ስለዚህ ነው። ያገባች ሴት የምትይዘው ሲንቄ የተባለው በትርም የክብርዋ ምልክት ነው። እንግዲህ ላሚቱ የባል ብትሆንም ወተቱ የሚስት ነበረ ማለት ይቻላል።

ይህ የቤት ውስጥ ሥልጣን ወደ ገንዘብ የተለወጠው በከተሞቹ ምክንያት ነው። ነገሌ የጦር ሰፈር ከተማ እንደ ነበረች ይታወቃል። በጥር 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር ይዟት ነበር፤ በጥር 1966 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው የሰፈረው ጦር በምግብና በውሃ ጕድለት አምፆ የአብዮቱን መነሻ አሰምቷል። ታሪክ ጸሐፊዎች የነገሌን ስም የሚያነሡት በእነዚህ ሁለት ጥሮች ነው። ነገር ግን ወታደሩ፥ ሹሙና ነጋዴው በየቀኑ ወተትና ቅቤ ይፈልጋሉ፤ ይህንንም ይዘው የሚመጡት ሴቶች ናቸው። ሣራ ሆልደንና ሌይን ኮፖክ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት የገበያው ርቀት፥ ወቅቱና የቤተ ሰቡ ሀብት የወተቱን ንግድ እንደሚወስኑት አሳይተዋል። ለከተማ የቀረበችው ትኩስ ወተት ትሸጣለች፤ የራቀችው ወተቱ በመንገድ እንዳይበላሽ ንጣ ቅቤ ታወጣለች። ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ በሴቲቱ እጅ ይገባል፤ እህል፥ ስኳር፥ ሻይ ቅጠልና ጨርቅ ይገዛበታል፤ ኋላም ደብተር።

በከተማው ውስጥ ሌሎችም ሴቶች ነበሩ። ከደጋ መጥተው ጠላና ጠጅ የሚሸጡ፥ ምግብ ቤት የሚይዙ፥ ከእነርሱም መካከል ባል የሞተባቸውና የፈቱ፥ በገዛ እጃቸው ሥራ የሚተዳደሩ ነበሩ። ኪራይ ይከፍላሉ፤ ልጆች ያሳድጋሉ። ሆኖም ባል ያላት ሴት የምታገኘው ክብር ለእነርሱ አልደረሳቸውም። ከዚህ የምንረዳው ገንዘብ ከጥገኝነት ቢያወጣም ክብርን አብሮ እንደማያመጣ ነው።

ወደ ሕጉ ስንመለስ ነገሩ ሁለት ፊት አለው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴቶች የምርጫ መብት ሰጠ፤ በ1950 ዓ.ም. የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ለፓርላማ ተመረጡ። ነገር ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ አለቃ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ደነገገ፤ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜም በ15 ዓመት ወሰነ። ሕጉ በአንድ እጁ በሩን ከፍቶ በሌላው መቀርቀሪያውን ያዘ ብንል አልተሳሳትንም። ዕድሜው ለሁለቱም 18 የሆነው፥ ባልና ሚስትም በቤታቸው እኩል የሆኑት በ1992 ዓ.ም. በፌዴራሉ፥ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በኦሮሚያ የቤተ ሰብ ሕግ ነው።

ትምህርት ቤቱስ? እኛ በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍሉ ከፍ ባለ ቍጥር የልጃገረዶቹ ወንበር ያንስ ነበር። የቀሩት ከእኛ ይልቅ የሚያውቁ ነበሩ፤ ጥሎሽ የተቀበለ ቤተ ሰብ ግን የፈተና ውጤት አይጠይቅም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት በደጋው የተነገረ ቢሆንም በቆላውም ሥራውን ሲሠራ አይተናል። እስከ መጨረሻ የዘለቁት ጥቂቶች አስተማሪና ነርስ ለመሆን ያስቡ ነበር። ክፍያቸውን ማን እንደሚልክላቸው ስንጠይቅ ከአንዲትዋ በቀር ሁሉም «እናቴ» አሉን።

በዚህ ረገድ የጃፓን ታሪክ ለማነጻጸሪያ ይረዳናል። ጹዳ ኡሜኮ በ1871 (እ.ኤ.አ.) ገና በስድስት ዓመትዋ በመንግሥት ወደ አሜሪካ ተልካ ተማረች። ስትመለስ ከእርስዋ የሚጠበቀው ጋብቻ ነበረ፤ እርስዋ ግን ሳታገባ ኖራ በ1900 በቶኪዮ የሴቶች ትምህርት ቤት አቋቋመች። የጃፓኗን ልጅ የላካት መንግሥት ነው፤ የነገሌዋን ልጅ ግን የላካት የእናትዋ ወተት ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. በቦረናና በጉጂ ቆላ ሴቶች የሰሜን ኬንያ ሴቶችን ማኅበራት አይተው የቁጠባና የንግድ ማኅበራት አቋቋሙ። በ2004 ዓ.ም. ሳይንስ በተባለው መጽሔት በወጣው ጥናት መሠረት 59 ማኅበራት፥ ከ2,300 በላይ አባላት ነበሩ፤ ከመቶ 76ቱም ሴቶች ነበሩ። ከዚያም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ቀርተው የቦረና ከብት በገፍ አለቀ። የወንዱ ክብር መለኪያ የነበረው ከብት ሲያልቅ፥ ደመወዝ ያላት ልጅ ወይም ሱቅ ያላት እናት ምን ያህል እንደምትመዘን ቤተ ሰቡ ራሱ አየ።

ይህ ሁሉ የችግር ሥራ ነው እንጂ የምርጫ አይደለም የሚል መምህር ወይም ባልንጀራ ይኖር ይሆናል። ነገሩ በከፊል እውነት ነው፤ ወደ ገበያ ያወጣቸው ችግር ነው። ነገር ግን ልጅዋን ድራ ጥሎሽ መቀበል የምትችል እናት በወተት ገንዘብዋ ደብተር ስትገዛ፥ ያን ያስገደዳት ችግር አይደለም። ችግር ቢሆንማ ጥሎሹን ባስመረጣት ነበር። ስለዚህ የተማረችው ልጅ ከቤተ ሰብ ፈቃድ ወጣች ከማለት፥ በቤተ ሰቡ ውስጥ ድምፅ ያልነበረው ፈቃድ በእርስዋ ተፈጸመ ማለት ይሻላል ብለን እናምናለን።

የነገሌ ጦር ታሪክ በመዝገብ ተጽፏል። ወተት ሻጮቹ ግን ወረቀት አልተዉም፤ የሚያስታውሱትም አርጅተዋል። ከእኛ መካከል ኦሮምኛ የሚያውቅ ተማሪ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲወርድ አያቱን ቁጭ አድርጎ የመጀመሪያው የወተት ገንዘብዋ በምን ላይ እንደ ዋለ ይጠይቃት። መልስዋን ጽፎ ቢመለስ የዚህ ጥናት ሁለተኛ ክፍል ተጀመረ ማለት ነው።